ራውተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሕንፃውን ዙሩት

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በፍጥነት መንገዱ የወጣ ሰው ለሻይ ዕረፍት ይደርሳል። ስለዚህ ሥልጠናው፣ ግምገማው፣ ዎርክሾፑ ሁሉ እዚህ ነው። ሆቴሉም በዚያው ልክ በዝቷል። እንግዳው ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ ቁልፉን ሳይቀበል "የዋይፋይ ፓስወርዱ ስንት ነው?" ይላል።

እኔ ኔትወርክ እዘረጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ የምጠራው ለመዘርጋት ሳይሆን የተዘረጋው ሲያቅታቸው ነው። ስደርስ ደግሞ ዕቃው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ጥሩ ራውተር፣ ጥሩ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን)፣ አንዳንዴም ከሚያስፈልገው በላይ ውድ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ ደብተር ላይ አላሰበበትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል።

በቅርቡ የሠራሁትን አንድ ሆቴል ይዤ ላሳያችሁ። ባለ ሦስት ፎቅ ነው። 24 ክፍል፣ 250 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ምግብ ቤት፣ ሪሴፕሽንና አንዲት ጠባብ የሒሳብ ክፍል አለው። ባለቤቷ ገና ሰላም እንደተባባልን "ልጄ፣ እኔ ዋይፋዩ እንዲሠራ ብቻ ነው የምፈልገው። የሚገዛውን ዝርዝር ስጠኝና ልጁን ነገ መርካቶ ልላከው" አሉኝ። "እትዬ፣ ዝርዝሩ በሳምንት ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሠራተኞቹን ላናግር" አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። ቢሆንም ፈቀዱ።

ከላይ ነው ከታች?

ኔትወርክ ለማቀድ ሰዎች በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። አንደኛው ከታች ወደ ላይ ነው። ዕቃ ይገዛል፣ ገመድ ይሳባል፣ ከዚያ "እስቲ ምን ይሠራልናል" ይባላል። ለአራት ሰው ሱቅ ይሄ ምንም አይልም፤ አንድ ራውተር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መሄድ ነው። ሕንፃው ሲያድግ ግን ጉድ ይፈላል፤ ምክንያቱም ያኔ እያንዳንዱ አዲስ ፍላጎት አንድ አዲስ ሳጥን ይጨምራል፣ ሳጥኑ ከሳጥን ላይ ይንጠለጠላል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የቱ ገመድ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ ምን እንደሚሠሩ ትጠይቃላችሁ። ቀጥሎ ያ ሥራ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ፣ ፕሮግራሙ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈልግ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር። ገመድና ሳጥን የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሰባቱን የኔትወርክ እርከኖች የተማራችሁ ከሰባተኛው ወደ አንደኛው መውረድ በሉት። እኔ ከ20 መሣሪያ በላይ ላለው ቤት ሌላ መንገድ አላውቅም።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው፤ ሁሉንም ሠራተኛ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ምን ትሠራለህ? ኔትወርኩ ቢጠፋ ምን ይቆማል? የዛሬ ዓመትስ ምን ይጨመራል? የመጨረሻውን ለባለቤቱ ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ ሌላው ሰው ትከሻውን ነው የሚነቀንቀው።

እዚያ ሆቴል ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ካሸሯ የምትሠራበት ፕሮግራም ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ጋር ነው የሚነጋገረው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኢንተርኔት ለአንድ ቀን ቢጠፋ ሒሳብ መሰብሰብ አይቆምም፣ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ቢነቀል እዚያው ይቆማል። ጥበቃው ደግሞ ማታ ካሜራውን ከዋናው በር ሆኖ ማየት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ በስልኩ ነበር የሚያየው፣ በራሱ ካርድ። ይሄን ባለቤቷም አያውቁም ነበር። ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉ ራሱ ወጣ። ካሸሩ አንደኛ፣ አዳራሹ ሁለተኛ፣ ክፍሎቹ ሦስተኛ፣ ካሜራ አራተኛ። ገንዘብ ሲያንስ የሚቆረጠው ከታች በኩል ነው።

በእግር መዞር

ሜትር፣ ደብተር፣ እርሳስና ስልክ ያዙ። ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ዙሩ። የሕንፃው ፕላን ካለ ኮፒውን ውሰዱ፣ ከሌለ በእጃችሁ ሳሉት፤ ቆንጆ መሆን የለበትም። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ። ብሎኬት ነው ወይስ ጂፕሰም? ሶሌታው ስንት ቦታ ተበስቷል? ኮርኒሱ ይከፈታል ወይስ ተለስኖ ተዘግቷል? የመብራት ሽቦው በየትኛው ቱቦ ነው የሚያልፈው? የውኃ ሮቶው የት ነው? የዋይፋይ ሞገድ ውኃና ብረት አይወድም። ትልቅ መስታወት፣ የብረት በር፣ ፍሪጅ የተደረደረበት ኩሽና፣ ሁሉንም ምልክት አድርጉ።

ዋናው ጥያቄ የራኩ፣ ማለትም ራውተሩና ስዊቾቹ የሚቀመጡበት መደርደሪያ፣ ቦታ ነው። ሆቴሉ ያቀረበልኝ ላይኛው ፎቅ ያለውን ዕቃ ቤት ነበር። ሰፊ ነው፣ ቁልፍ አለው፣ ማንም አይገባበትም። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ ገባሁበት። በላዩ ቆርቆሮ ነው። መጋቢት ነበር፤ በሩን ስከፍት የዳቦ ምድጃ የከፈትኩ መሰለኝ። እዚያ ስዊች ማስቀመጥ ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። ከከተማዋ ውጭ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተተከሉም፤ ያው ነፋስ አቧራውን በመስኮት ያስገባል። ቀደም ሲል አንድ ቦታ የተበላሸ ስዊች ፈትቼ ማራገቢያው በአቧራ ተለብጦ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ አግኝቻለሁ። መዞር ካቆመ ስንት ጊዜው እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ አንደኛ ፎቅ ላይ ደረጃው አጠገብ ያለችውን የአንሶላ ማስቀመጫ ለመንኩ። መሃል ናት፣ ፀሐይ አያገኛትም፣ ሶሌታው በዚያ በኩል ቀድሞ ተበስቷል። የአንሶላዋ ኃላፊ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

መሃል የመሆኑ ነገር ለርዝመት ነው። የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ነው ወሰኑ። ከዚህ ውስጥ 90ው በግድግዳና በኮርኒስ የሚሄደው ነው፣ 10ሩ ለጫፍና ጫፍ አጫጭር ገመዶች ይተዋል። ልኬቱ ደግሞ አሞራ እንደሚበርረው አይደለም። ገመዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኮርኒስ ላይ ይዞራል፣ ይወርዳል። የጥበቃው ቤት ከራኩ በዓይን ስታዩት ቅርብ ነው፤ በመንገዱ ስለካው 120 ሜትር መጣ። እዚያ መዳብ አይሆንም። ፋይበር ነው የሳብኩት። ግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት ሲሆን ርቀቱ ባያስገድድም ፋይበርን እመርጣለሁ፤ መብረቅ አጠገብ ሲወርድ በመዳቡ በኩል ገብቶ የሁለቱንም ቤት ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ውስጡ ብረት የሌለውን ዓይነት መሆኑን ግን ስትገዙ ጠይቁ።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ

ቁጠሩ። 24 ክፍል በቲቪ አንድ አንድ ገመድ፣ 24። የዋይፋይ ማሰራጫ 12። ካሜራ 14። ሪሴፕሽን፣ ካሸር፣ ሒሳብ ክፍል፣ የአዳራሹ መድረክ፣ አንዳንድ መጠባበቂያ ሲደመር 10። ጠቅላላ 60 ገመድ። አንዱ በአማካይ 30 ሜትር ቢሆን 1,800 ሜትር። አንድ ካርቶን 305 ሜትር ነው። ስድስት ካርቶን ልክ ልኩን ይደርሳል፤ ሰባት ግዙ። ገመድ ሁልጊዜ ካሰባችሁት በላይ ይሄዳል። ካርቶኑ መጨረሻ ላይ የምትተርፈው 12 ሜትር ደግሞ ለምንም አትሆንም።

ካት 6 የሚባለውን የገመድ ደረጃ ውሰዱ። 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር፣ 10 ጊጋቢት ደግሞ እስከ 55 ሜትር ገደማ ይሸከማል። ሆቴል ለ15 ዓመት ግድግዳ አያፈርስም፣ ስዊች ግን በአምስት ዓመት ይቀይራል።

ገበያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ በመዳብ ስም ይሸጣል። ካርቶኑን አንሱት፤ በጣም ከቀለላችሁ ተጠራጠሩ። ከዚያ አንዱን ክር አውጥታችሁ በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። አሉሚኒየሙ ሁለት ሦስቴ ስታጥፉት ይሰበራል፣ በርቀት ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ካሜራና ማሰራጫውን በዚያው ገመድ መብራት ስትመግቡት ደግሞ ይሞቃል። ባለሱቁ "ሁሉም ሰው ይሄን ነው የሚወስደው" ይላችኋል። ይውሰድ።

የኔትወርኩን ገመድ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡ። ኤሌክትሪሻኑ "ቦታ አለው እኮ" ይላል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን እምቢ በሉት። ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል አራርቁ፣ መሻገር ካለባቸው በመስቀል አሻግሩ። ጫፉን ስትመቱ፣ ማለትም የገመዱን ስምንት ክሮች መሰኪያው ላይ ስታስሩ፣ ሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሁን። እኔ ሁልጊዜ የምመታው ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ ነው። ኮርኒሱ ሳይዘጋ ሁሉንም በቴስተር ሞክሩ። እያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፉ ቁጥር ይለጠፍበት። "በኋላ እጽፋለሁ" ብሎ የጻፈ ሰው አላየሁም፣ ራሴን ጨምሮ።

አቀማመጡ እንደ ኮከብ ይሁን። ሁሉም ገመድ ወደ ራኩ ይመጣል፤ ከክፍል ወደ ክፍል እየተቀጣጠለ አይሄድም። መጽሐፉ ትልልቅ ኔትወርኮችን በሦስት እርከን ይከፍላቸዋል፤ ሰው የሚሰካበት፣ የሚያሰባስበውና ዋናው ግንድ። ለአንድ ሕንፃ ሁለቱ ላይኞቹ ተጨፍልቀው አንድ ዋና ስዊች ይሆናሉ። ከሥሩ ሁለት ስዊቾች አድርጌ ጨረስኩ። ከዚያ በላይ ማድረግ ለራስ ማሳያ ነው።

አድራሻ ያለቀበት አዳራሽ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

አንድ ጊዜ ማክሰኞ ጠዋት ከሌላ ሆቴል ተደወለልኝ። "ዋይፋዩ ግማሹን ሰው ያስገባል፣ ግማሹን ይመልሳል።" ስደርስ አሠልጣኙ መድረኩ ላይ ቆሞ ላብ በላብ ሆኗል። ሰዎቹ ስልካቸውን ወደ ኮርኒሱ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ምልክቱ ሙሉ ነው። ስልኩ ግን "አድራሻ በማግኘት ላይ" ይልና ይቆማል። ራውተሩን ሦስቴ አጥፍተው አብርተውታል። መስመሩን ለክቼ ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰኞ የ120 ሰው ሥልጠና ነበር። ሁሉም ስልክ አለው፣ ግማሹ ላፕቶፕ ይዟል፤ 180 መሣሪያ በሉት። ራውተሩ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው ያለው፤ 254 አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያ ኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር፣ አለው፤ አንዱን ለራሱ ይዞ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንዱን ለ24 ሰዓት ያከራያል። ሰኞ ማታ ሰዎቹ ሄዱ፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ገብተው ተኝተዋል። አድራሻቸው ግን ገና በስማቸው ነው። ማክሰኞ ሌላ ቡድን ሲመጣ የቀረው 73 ብቻ ነው። ሰባ ሦስቱ ገቡ፣ ሌላው ውጭ ቀረ።

መድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የኪራዩን ጊዜ ወደ 2 ሰዓት አወረድኩት፣ የአድራሻውን ክልል አሰፋሁት። ገንዘብ አልወጣም። የሆቴሉ ሰዎች ግን ከዚያ በፊት አዲስ ራውተር ለመግዛት ፕሮፎርማ ሰብስበው ነበር።

ስለዚህ አድራሻውን ከመጀመሪያው ደብተር ላይ አቅዱት። ለግል ኔትወርክ የተፈቀዱት በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። 192.168.0 እና 192.168.1ን ተዉአቸው፤ የሱቅ ራውተር ሁሉ ይዞት የሚመጣው እሱን ስለሆነ አንድ ቀን አንድ ሰው ከቤቱ አምጥቶ ሲሰካ ይጋጫል። እኔ ለዚህ ሆቴል እንዲህ አከፋፈልኩ። ለሒሳብና ለካሸር 10.20.10.0/24፤ /24 ማለት 254 አድራሻ ያለው ክልል ነው። ለካሜራ 10.20.20.0/24። ለክፍሎቹ 10.20.30.0/24። ለአዳራሽ 10.20.32.0/22፤ ይሄኛው ከ32 እስከ 35 ያለውን ሁሉ ይይዛል፣ 1,022 አድራሻ ነው። በ32 የጀመርኩት ለውበት አይደለም። የ/22 ክልል ሦስተኛው ቁጥር ለአራት በሚካፈል ቦታ ነው የሚጀምረው።

መከፋፈሉ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። በስዊቹ ላይ በቪላን ይለያያሉ። ቪላን ማለት አንዱን ስዊች በሐሳብ ቆርጦ እንደ አራት ስዊች ማሠራት ነው፤ እንግዳው ከእንግዳ መረብ ወጥቶ ኢንተርኔት ይሄዳል እንጂ ካሸሩን አያይም። እንግዳ ከእንግዳም እንዳይተያይ ማሰራጫው ላይ ማብራት አለባችሁ። ይሄ ቅንጦት አይደለም። አንድ ስብሰባተኛ ቫይረስ የያዘ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ያ ላፕቶፕ የሒሳቡን ኮምፒውተር ቢያየው የወሩ ሒሳብ በማግስቱ ተቆልፎ ይገኛል። የካሜራ መቅጃው የፋብሪካ ፓስወርድም በመጀመሪያው ቀን ይቀየር።

ሁለት ትንንሽ ነገር ስዊቹ ላይ አብሩ። አንዱ ገመዱ ዞሮ ወደ ራሱ ሲሰካ የሚያቆመው ነው፣ ኤስቲፒ ይባላል። ጽዳት ላይ ያለች ልጅ የተንጠለጠለ ገመድ አይታ "ወልቆ ነው" ብላ ባዶ ቀዳዳ ላይ ስትሰካው ሕንፃው ሁሉ ይቆማል። ሐሳቧ ደግ ነው። ሁለተኛው ያልተፈቀደለት ራውተር አድራሻ እንዳያድል የሚከለክለው፣ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ።

ባዶ አዳራሽ ይዋሻል

አዳራሹን ባዶውን ብትለኩት አንድ ማሰራጫ ለሁሉም ጥግ ይበቃል። ሰው ሲሞላበት ሌላ ነው። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ነው፣ ሞገዱን ይውጠዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ማሰራጫ በአንድ ጊዜ በአንድ ቻናል ባብዛኛው ከአንዱ ጋር ነው የሚያወራው፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ለ250 ሰው አራት አደረግኩ፣ እያንዳንዱ ለ60 ሰው ገደማ። ኃይላቸውን ዝቅ አደረግኩት። ሰው ይሄን ሲሰማ ይገረማል፤ ኃይሉ ከፍ ቢል አይሻልም? አይሻልም። አራት ሰው በአንድ ክፍል ሲጮህ ማን ይደማመጣል።

ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። አራተኛው ማሰራጫ ቦታ የለውም ማለት ነው፤ በእሱ ላይ 2.4ን አጠፋሁትና 5 ጊጋኸርዙን ብቻ ተውኩ። 5 ጊጋኸርዝ እንደ 2.4ው ግድግዳ አይበሳም፣ ግን ቻናሉ ብዙ ነው፣ ለአዳራሽ እንደውም ግድግዳ እንደልብ አለመብሳቱ ጥቅም ነው።

ኢንተርኔቱን እንዲህ አስሉት። 250 ሰው ቢቀመጥ በአንድ ቅጽበት የሚጠቀመው ምናልባት 100 ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ብትሰጡ 100 ሜጋቢት። በአንድ መሣሪያ ከ3 እንዳያልፍ ገድቡ፤ ያለበለዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ፊልም እያወረደ ሁሉንም ያስቀናል። ለመድረኩ ደግሞ በገመድ የሚሰካ ሶኬት አድርጉ። አሠልጣኙ ከውጭ አገር ሰው ጋር በቪዲዮ ሲነጋገር ከ250 ስልክ ጋር መጋፋት የለበትም። ይቺ አንድ ገመድ ከሁሉም በላይ ያስመሰገነችኝ ናት።

ክፍሎቹን በአጭሩ ልለፈው። ማሰራጫው ኮሪደር ላይ ሲሰቀል ለዓይን ያምራል፣ ሞገዱ ግን በኮሪደሩ ተስቦ ይሄዳል፤ ክፍል ውስጥ ሲገባ መታጠቢያ ቤቱ ላይ ይሰበራል። በፎቅ ሁለት አድርጌ ክፍሎቹ ውስጥ ነው ያስገባኋቸው፣ ከበሩ በላይ።

መብራት

ካሜራና ማሰራጫው መብራቱን የሚያገኘው በዚያው የኔትወርክ ገመድ ነው፣ ፒኦኢ በሚባለው። እዚህ የሚረሳ ሒሳብ አለ። 12 ማሰራጫ በ12 ዋት 144 ነው። 14 ካሜራ በ7 ዋት 98። ድምሩ 242 ዋት። ስዊቹ ቀዳዳው ሁሉ ፒኦኢ ቢሆንም ጠቅላላ የሚሰጠው 190 ዋት ነው ተብሎ ጀርባው ላይ ሊጻፍ ይችላል። ቀን ቀን ይሠራል፣ ማታ የካሜራዎቹ የሌሊት መብራት ሲበራ ግን አንዱ ይበራል፣ አንዱ ይጠፋል። ጭነቱን ለሁለት ስዊች ያካፈልኩት ለዚህ ነው።

ዩፒኤስም እንዲሁ ነው። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ራውተሩን፣ የፋይበሩን ሳጥንና ዋናውን ስዊች ብቻ ቢይዝ፣ 40 ዋት ገደማ ነው፣ ብክነቱ ተቀንሶ ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆያል። 242 ዋቱን ብትጨምሩበት 15 ደቂቃም አይሞላም። ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው፤ ስለዚህ ዩፒኤሱ የሚያስፈልገው ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ነው። ያቺ አንድ ደቂቃ ግን ቀላል አይደለችም፤ ዕቃው ሁሉ ጠፍቶ እስኪነሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ደግሞ አምስት ደቂቃውን ወደ እናንተ እያየ ነው የሚያሳልፈው። ራኩ የራሱ የመብራት መስመር ከቆጣሪው ይምጣለት። ዲቫይደር ከዲቫይደር ላይ አትሰኩ፤ አንሶላ የሚተኩሱበት ሶኬት ላይ ደግሞ በፍጹም።

የካሜራውን ዲስክ በዚሁ አስሉ። አንድ ካሜራ በ2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው። 14ቱ ሲሆኑ 302። የ4 ቴራባይት ዲስክ 13 ቀን ይይዛል። ባለቤቷ "ወር ይያዝልኝ" ብለው ነበር፤ ቁጥሩን ሲያዩ ራሳቸው ወደ ሁለት ሳምንት አወረዱት።

ገንዘቡና ርክክቡ

ፕሮፎርማው ሲመጣ እትዬ ሊቀንሱ የፈለጉት ከገመዱ ነበር። "ገመድ ገመድ ነው" አሉ። ማሰራጫውን ቀንሱ አልኳቸው። አዳራሹ ላይ አራት ገመድ ስቤ ሁለት ማሰራጫ ብቻ ሰቀልኩ፤ ሁለቱን ከሦስት ወር በኋላ፣ አዳራሹ ገንዘብ ሲያስገባ፣ ራሳቸው ደውለው አስጨመሩ። ኮርኒስ አልተነካም። ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመርም ጠይቄ ነበር። ዋናው በፋይበር ከሆነ መጠባበቂያው በሞባይል ዳታ ይሁን፣ ቢቻል ከሌላ ድርጅት፤ ቁፋሮ ፋይበሩን ሲበጥስ በዚያው ፋይበር የሚመጣ ሁለተኛ መስመር አብሮ ይበጠሳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮምም ስለገባ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። መጠባበቂያው ግን ለካሸር፣ ለሪሴፕሽንና ለመድረኩ ብቻ ነው የተለቀቀው፤ 250 ስልክ ከለቀቃችሁበት ጥቅሉ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል።

ስጨርስ ሥዕሉን በላስቲክ አልብሼ ራኩ በር ላይ ከውስጥ ለጠፍኩት። የትኛው ቁጥር የት እንደሚሄድ፣ የትኛው አድራሻ የማን እንደሆነ። ፓስወርዶቹን በፖስታ አሽጌ ለባለቤቷ ሰጠሁ፤ ካዝና ውስጥ ገባ። ከዚያ ሪሴፕሽኒስቷን ጠራሁና "207 ቲቪው አይሠራም ብለው ደወሉ እንበል፣ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት። ራኩን ከፈተች። ሥዕሉን በጣቷ ተከትላ 31 ቁጥርን አገኘች፣ መብራቱ እንደሚርገበገብ አየች። "ከዚህ በኩል ደህና ነው፣ ቲቪው ጋ ሄጄ ገመዱን ልይ?" አለች።

ሂሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።